የግሬይሃውንድ እግር ሲቧጨር፦ ትንሿ ቁስል ለምን በ2ኛው ቀን ትብሳለች

ግሬይሃውንድ ያላችሁ ወይም ልታመጡ የምታስቡ ሰዎች ካላችሁ አንድ ነገር ቀድማችሁ ብታውቁት ጥሩ ነው። ሌላ ውሻ ልሶ የሚረሳት ጭረት እዚህ ውሻ ላይ ሁለት ጊዜ ትሸውዳችኋለች። መጀመሪያ ያው ተቧጨረ ብላችሁ ያለፋችሁት ነገር ፀጉሩን ገለጥ ስታደርጉት ቆዳው ተሸርክቶ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛ ደሙ ቆመ፣ ዳነ፣ አበቃ ብላችሁ በተረጋጋችሁ በማግስቱ ወይ በሠልስቱ እንደገና መድማት ይጀምራል ወይ እግሩ ወደታች እየበለዘ ይሄዳል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፣ ምክንያቱን ካወቃችሁ ደግሞ የምታደርጉት ነገር ብዙም አይከብድም።

ለማያውቀው ሰው ትንሽ ስለ ውሻው ልበል፣ ምክንያቱም አገር ቤት ለምደን የምናውቀው አይነት ውሻ አይደለም። ግሬይሃውንድ ለሩጫ የተመረጠ ዘር ነው፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ እና ቤት ውስጥ የምናየው አብዛኛው ውድድር ጨርሶ ጡረታ የወጣ ነው፣ እንግሊዝም አየርላንድም አውስትራሊያም እንደዛው። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ ምንጭ ፍሎሪዳ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የውሻ ውድድር ይቅር ብሎ ወሰነ፣ ከ2020 ማብቂያ በኋላ እዛ ቆመ፣ አሁን የቀረው ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ ለዛም ነው አንዳንድ አሳዳጊ ድርጅቶች ከአየርላንድና ከአውስትራሊያ በአውሮፕላን የሚያመጡት። ዘመድ ቤት ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ «ኧረ ይሄ ውሻ አይበላም እንዴ?» ይበላል፣ በደንብ ነው የሚበላው! ተፈጥሮው ነው፣ ጎድኑ የመጨረሻዎቹ ትንሽ ትንሽ መታየት አለባቸው፣ ከወፈረ ነው ችግሩ።

እንግዲህ ቆዳው ላይ ያለው ችግር የሚመጣው ከዚሁ ነው። ከቆዳው ስር ስብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ሌሎች ውሾች ከስር ያላቸው ወፍራም ለስላሳ ፀጉርም እሱ ላይ የለም፣ ቆዳው ራሱም ስስ ነው። ስለዚህ የጀርመን ሼፐርድን ፀጉር ብቻ ነቅሎ የሚያልፍ የአጥር ሽቦ ግሬይሃውንድ ላይ እስከ ጡንቻ ይገባል፣ በዛ ላይ ይሄኛው ሽቦውን የሚያገኘው በዛ ሁሉ ፍጥነት እየሮጠ ነው። እግር ላይ ደግሞ ይብሳል። ውሻችሁ ተኝቶ ባለበት ይሄንን ሞክሩ፦ ትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ያዝ አድርጋችሁ አንሱት፣ ይነሳላችኋል፣ ትርፍ አለው። አሁን ከፊት እግሩ ታችኛው ክፍል፣ ከመዳፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ሞክሩት። ምንም አይነሳም። ቆዳ፣ ጅማት፣ አጥንት፣ በቃ። ስለዚህ እዛ ቦታ የተሸረከተ ቆዳ ጎትቶ ለመግጠም ትርፍ የለውም፣ ውሻው በተራመደ ቁጥር ይከፈታል፣ ደም ስሩም ከላይኛው የሰውነት ክፍል ያነሰ ስለሆነ የሚድነው ቀስ ብሎ ነው። ትከሻ ላይ ሳምንት የሚፈጅ ቁስል እግር ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢወስድ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ደሙ። ሰውም ውሻም ሲቆረጥ ደሙ ይረጋና ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሰውነት የረጋውን ደም መልሶ የሚያሟሟበት ሌላ ሥራም እንዳለው ነው፣ ያለዛ የረጋው ደም እንደተጋገረ ይቀር ነበር። ችግሩ ብዙ ግሬይሃውንዶች ላይ ይሄ የማሟሟት ሥራ ቶሎና በኃይል ይሠራል፣ ቁስሉ ገና ሳይጠግን መድፈኛው ይሟሟል ማለት ነው። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት ለማምከን ቀላል ኦፕሬሽን ከተደረገላቸው ግሬይሃውንዶች ከ4ቱ 1 ያህሉ ከ36 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ደምተዋል። ኦፕሬሽኑ ላይ አይደለም፣ በኋላ! እና ተራው የደም መርጋት ምርመራ ይሄን አያሳይም፣ ውጤቱ ኖርማል ተብሎ ይመጣል። ከኦፕሬሽን ውጪ ቀላል አደጋ ላይም ይኸው ነገር ይታያል። ሁሉም ግሬይሃውንድ እንደዚህ ነው ማለት አይደለም፣ ግን የእናንተው የትኛው ወገን እንደሆነ የምታውቁት ከተቆረጠ በኋላ ነው፣ ስለዚህ ሁሉም እንደሆነ አድርጎ ማሰብ ይሻላል።

እሺ ተቧጨረ። መጀመሪያ የምትሰሙት ጩኸት ነው። ግሬይሃውንድ ሲጮህ ሰፈር ይሰበስባል፣ እሾህ ወጋውም እግሩ ተሰበረም ጩኸቱ አንድ ነው፣ ስለዚህ በጩኸቱ መጠን ቁስሉን አትለኩት። የተረጋጋ ሲመስል ደግሞ ደህና ነው ብላችሁም አትተዉት፣ አንዳንዱ ሲያመው ዝም ብሎ ደርቆ ይቆማል። ከመንካታችሁ በፊት ማዝል (እንዳይነክስ አፉ ላይ የሚደረገው) ካለ አድርጉለት፣ የዋህ ውሻም ቢሆን ሲያመው እጅ ሊይዝ ይችላል። ከዛ ንጹህ ጨርቅ ወይ ጋውዝ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በእጃችሁ ጫን ብላችሁ ያዙ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በሰዓት እያያችሁ። ዋናው ነገር በመሃል ገለጥ አድርጋችሁ አለማየት ነው፣ ያያችሁ ጊዜ የረጋውን አብራችሁ ታነሱታላችሁ እና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ጨርቁ ከራሰ ከላይ ሌላ ደርቡበት እንጂ የመጀመሪያውን አታንሱ።

ደሙ ሲቆም ነው ማየት የሚቻለው፣ ማየት ስል ደግሞ ከላይ ከላይ አይደለም፣ ዙሪያውን ያለውን ፀጉር ውሃ ባለው ጄል (የቅባት ሳይሆን የውሃ የሆነውን፣ ፋርማሲ ይሸጣል) ቀባ አድርጋችሁ ከርከም ብታደርጉት የተቆረጠው ፀጉር ጄሉ ላይ ይጣበቃል እንጂ ቁስሉ ውስጥ አይገባም። አሁን ጥያቄው ይሄ ነው፣ ቆዳው ከላይ ተልጦ ነው ወይስ ተቀዶ አፉን ከፍቷል? የተላጠ ከሆነ እርጥብ ሮዝ የሆነ ቦታ ታያላችሁ፣ ጠብ ጠብ የሚል ትንሽ ደም፣ ጫፉ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ጫፉ የሚነሳ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ጎኑ ተይዞ ሌላው የሚገለጥ ቆዳ ካለ፣ ያ የቤት ሥራ አይደለም፣ ወደ ቬት (የእንስሳት ሐኪም) ነው። እና ቶሎ ነው፣ ቁስል ለመስፋት ጥሩው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ናቸው፣ ጠዋት አይቶ ማታ ከሥራ ስመለስ እወስደዋለሁ ማለት አንዳንዴ መስፋቱን ያሳጣል።

ለተላጠው ግን ውሃ ነው መድኃኒቱ፣ ብዙ ውሃ። ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ያልተቆለለ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ካላችሁ በሱ እየገፋችሁ፣ ከሌለ ከኩባያ እያፈሰሳችሁ አሸዋውንም ቆሻሻውንም እጠቡት፣ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለም ይሁን ከማይታጠብ ይሻላል። ከዛ ጀርም መግደያ ከፈለጋችሁ ቤታዲን ቀጥኖ፣ ቀጭን ሻይ እስኪመስል ድረስ፣ ከዛ የደመቀ አይሁን። ወይም ክሎርሄክሲዲን፣ 2% የሚለውን ከገዛችሁ 1 ሊትር ውሃ ላይ 25 ሚሊ ሊትር በቂ ነው፣ ግን ሳሙና ያለበትን እንዳትገዙ ላቤሉን አንብቡ፣ ሳሙናው የቆዳ እንጂ የቁስል አይደለም። ኦክሲጅን ውሃ፣ ያ የሚፋፋውን ነጭ አረፋ የሚያወጣውን፣ ተዉት። ሲፋፋ ሥራ እየሠራ ይመስላል እንጂ ቁስሉን የሚጠግነውን አዲስ ሥጋም አብሮ ይጎዳል። አልኮልም እንደዛው፣ አረቄም አልኮል ነው ጎበዝ።

ከባህላዊው ነገር ከገባን አይቀር፣ እኛ ጋ የሚደማ ቁስል ላይ ቡና መነስነስ የተለመደ ነው፣ እጅ ሲቆረጥ እናቶች መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ቡናው ነው። ውሻ ላይ አይሆንም። አንደኛ ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ይቀራል፣ ሁለተኛ ውሻ ቁስሉን ይልሳል፣ ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። ነጭ ሽንኩርትም ያው፣ ሲልሰው የደም ሴሎቹን ይሰባብራል። ማር ግን ሌላ ነገር ነው፣ ማር ቁስል ላይ እውነተኛ ጥቅም አለው፣ ቬቶችም ይጠቀሙበታል፣ ግን እነሱ የሚያደርጉት ለቁስል ተብሎ በጨረር ከጀርም የጸዳውን ነው፣ ቱቦ ውስጥ ይሸጣል። ከገበያ የመጣ ተራ ማር ውስጥ የባክቴሪያ ዘር ሊኖር ስለሚችል ለዳቦ ይሁን።

የሰው ቅባቶች ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ውሻ ላይ የቀባችሁት ነገር በሙሉ በመጨረሻ ሆዱ ነው የሚገባው ብላችሁ አስቡ። የሕፃናት ዳይፐር ክሬም ዚንክ አለበት፣ ሲላስ ይመርዛል። ቲ ትሪ ኦይል የሚባለው የተክል ዘይትም መርዝ ነው፣ «ናቹራል» መባሉ ምንም አይለውጥም። ሃይድሮኮርቲዞን ያለበት ክሬም ማሳከኩን ቢቀንስም ቁስሉ እንዳይገጥም ያዘገያል። ለሕመሙ ብላችሁ ደግሞ አይቡፕሮፌን ወይ ፓራሲታሞል እንዳትሰጡት በፍጹም፣ አስፕሪን በተለይ ግሬይሃውንድ ላይ፣ አስፕሪን ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፣ ይሄ ውሻ ደግሞ ቀድሞውኑ በዛ በኩል ችግር አለበት።

ፋሻ ማድረግ አለብን ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ትንሽ የተላጠ ነገር ከሆነ ባይታሰር እመርጣለሁ። ምክንያቱም ቤት ውስጥ ከቁስሉ ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያመጣው በደንብ ያልታሰረ ፋሻ ነው፣ ይሄን ማጋነን አይደለም፣ የጠበቀ ፋሻ ደም አግዶ ጣትን ሊያሳጣ ይችላል፣ እግሩ ደግሞ እንዳያችሁት ስብም ትራስም የለውም። ማሰር ካስፈለገ ግን መጀመሪያ የማይጣበቅ ፓድ ቁስሉ ላይ፣ ከዛ ጥጥ በደንብ አድርጋችሁ፣ ከዛ ፋሻ፣ ከላይ ያ እርስ በእርሱ የሚጣበቀው ባለቀለም ላስቲክ መሳይ ፋሻ። የመጨረሻውን ከጥቅሉ እየጎተታችሁ በቀጥታ አትጠምጥሙት፣ ጥቅሉ ላይ እያለ ተወጥሮ ነው ያለው፣ መጀመሪያ ፈታ አድርጋችሁ ላላ ብሎ መልሳችሁ ጠቅልሉትና ከዛ ነው የሚጠመጠመው፣ ከታች ከመዳፉ ጀምሮ ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሹን እየሸፈነ። ከመሃል እግሩ ላይ ብቻ ቀለበት አድርጋችሁ ካሰራችሁ ከበታቹ ያለው መዳፍ ያብጣል። የሁለቱን መሃለኛ ጣቶች ጫፍ ውጪ ተዉአቸው፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ንኳቸው፣ ከቀዘቀዙ፣ ጥፍሮቹ ወዲያና ወዲህ ከተራራቁ ወይ ካበጡ ያኔውኑ ፍቱት። ውጪ ሲወጣ ፌስታል ማሰር ይቻላል፣ ግን ቤት ሲገባ ወዲያው ይውለቅ፣ ውስጡ ያልበዋል። ፋሻው ከራሰ ወይ ከሸተተ ነገ እቀይረዋለሁ የሚባል ነገር የለም።

መላስን በተመለከተ፣ የውሻ ምራቅ መድኃኒት ነው የሚለውን እዚህ እንርሳው፣ ምላሱ ሻካራ ነው፣ አዲስ የበቀለውን ቆዳ ይፍቀዋል፣ አፉም ባክቴሪያ ሞልቶታል። አንገት ላይ የሚነፋው የአየር ትራስ መሳይ ኮላር ለዚህ ዘር አይሠራም፣ አንገቱም እግሩም ረጅም ስለሆነ አልፎ ይደርስበታል። የፕላስቲኩ ኮን ይሠራል ግን በር እየመታ እሱም እናንተም ታብዳላችሁ። ይሄ ውሻ አንድ ጥሩ ነገር ግን አለው፣ ሲወዳደር በነበረ ጊዜ ማዝል አድርጎ ነው ያደገው፣ ስለዚህ ሌላውን ውሻ የሚያስጨንቀው ነገር እሱን አያስጨንቀውም። ቅርጫት የመሰለው ማዝል ጫፉ ላይ ምላስ እንዳያልፍ የሚደፍን ክዳን የሚገባለት አለ፣ በሱ ውሃም ይጠጣል፣ አይጨነቅም፣ አይልስም። ብቻውን ትታችሁት ስትወጡ ግን የሆነ ነገር ላይ እንዳይያዝበት አስቡበት።

ከዛ የሁለተኛውና የሦስተኛው ቀን ነገር። እንደተቧጨረ ባለው ማታ ቁስሏንና እግሩን በሙሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ጥሩ ብርሃን ያለበት ቦታ፣ ከሁለቱም ጎን። በማግስቱ ጠዋትና ማታ፣ በሠልስቱም እንደዛው፣ ከፎቶው ጋር እያስተያያችሁ። ፀጉሩ አጭር ስለሆነ ብልዝ በደንብ ይታያል፣ የሆድና የጭኑ ውስጠኛ ክፍል ላይማ ጭራሽ ራቁቱን ነው። የበለዘው ቦታ ካለ ዳሩን በእስክሪብቶ አስምሩበትና ከጥቂት ሰዓት በኋላ መስመሩን አልፎ እንደሆነ እዩ። ደም ወደታች ስለሚወርድ ቁስሉ ጉልበት ላይ ሆኖ ብልዙ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ትንሽ መበለዝ ምንም አይደለም፣ እየሰፋ ከሄደ፣ ቁስሉ እንደገና መንጠባጠብ ከጀመረ፣ ድዱ ከነጣ፣ ውሻው ከደከመ፣ ደውሉ። ስትደውሉ ግሬይሃውንድ መሆኑን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ሁሉም ቬት ይሄን ዘር በየቀኑ አያይም። ለዚህ ነገር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ አሚኖካፕሮይክ አሲድ የሚባለው ወይ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚይዙ ናቸው፣ ለተራ ጭረት አያስፈልጉም፣ ቁስሉ በክር የሚሰፋ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከደሙ ውጪ ደግሞ ሌላ ውሻ ነክሶት ከሆነ ቀዳዳዋ የቱንም ያህል ትንሽ ብትሆን ቬት ይያት፣ ጥርስ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ትቶ ከስር ብዙ ነው የሚቀደው። መገጣጠሚያ ላይ ያለ ቁስል፣ ነጭ ነገር የሚታይበት፣ መግል ያለው፣ ከአንድ ቀን በላይ የሚያነክስ፣ እነዚህም አይጠበቁም። የውሻ ሙቀት ኖርማሉ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፣ በሰው ሂሳብ ትኩሳት ይመስላል፣ አይደለም።

መከላከሉ ላይ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ጓሮ መዞር ነው። በውሻው ዓይን ከፍታ ሆናችሁ፣ ማለትም ጎንበስ ብላችሁ፣ አጥሩን ሙሉ ዙሩት፣ ወጣ ያለ ሽቦ፣ ተቆርጦ የሾለ የቁጥቋጦ ግንድ፣ የውሃ መርጫ ብረት፣ ጽጌረዳ። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ውሻ እነዚህ ምንም አይደሉም፣ ይሄኛው ግን ስኩዊረል (ዛፍ ላይ የምትሮጠዋን ትንሽ እንስሳ) ካየ ሌላ ነገር አይታየውም። የመስታወት በር ላይ በዓይኑ ከፍታ ተለጣፊ ነገር አድርጉ፣ ኬነል (የውሾች ማደሪያ) ውስጥ ያደገ ውሻ መስታወትንም ደረጃንም የሚያየው እናንተ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ የሚያንሸራትት ወለል ላይም ምንጣፍ ጣል ጣል አድርጉ። ያ በክር እየረዘመ የሚሄደው ሊሽ (የውሻ መያዣ ገመድ) ለዚህ ዘር አይገዛ፣ ውሻው ሲፈነጠር ቀጭኑ ክር እግሩ ላይ ከተጠመጠመ በአንድ ጊዜ ቆዳውን ይዞት ይሄዳል፣ የእናንተንም እግር እንደዛው። ከሌሎች ግሬይሃውንዶች ጋር ሲለቀቅ ሁሉም ማዝል ያድርጉ፣ ክፋት ኖሯቸው አይደለም፣ ሲሯሯጡ ይነካከሳሉ፣ ለጨዋታ የሆነ ንክሻ እዚህ ቆዳ ላይ ስፌት ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጥፍር ነው። ግሬይሃውንድ ሙሉ በሙሉ ሲጋልብ የኋላ እግሮቹ የፊቶቹን አልፈው ወደፊት ይዘረጋሉ፣ ስለዚህ የኋላ ጥፍሩ ከረዘመ የፊት እግሩን የሚቧጭረው ራሱ ነው፣ የፊት እግሩ ውስጠኛ ጎን ላይ በየጊዜው ተመሳሳይ ጭረት የምታዩ ከሆነ አጥሩን ትታችሁ ጥፍሩን እዩ። የፊት እግሩ ላይ ከፍ ብሎ ያለው አውራ ጣት መሳይዋም ሲራመድ መሬት ስለማትነካ አትሟሽሽም፣ ታድግና ሣርና ምንጣፍ ላይ ትያዛለች፣ ስትቀደድ ብዙ ነው የምትደማው። በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ መከርከም ይበቃል፣ መቁረጫውን የማይወድ ከሆነ መሞረጃ ማሽን ይሻለዋል፣ ጥፍሩ ጥቁር ከሆነ ደግሞ የደም ስሩ የት ጋ እንዳለ ስለማይታይ ከጫፉ ላይ በስሱ ብቻ ነው የሚወሰደው።